ፍርሃቱን ወሰዱ፣ መጠጊያውን ተዉ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ከአንኮበር ዳገት ወደ ቆላው ሲወርዱ በምትገኘው አሊዩ አምባ ለዘመድ ጥየቃ ሄጄ ያደርኩበት ምሽት ነው። መግሪብ ተሰግዶ ቡና ተፈልቷል። መብራት ጠፍቷል። ሦስት ልጆች ከጥግ አንድ ስልክ ከበው ተቀምጠዋል። ድምፁን ዝቅ ቢያደርጉትም ይሰማል፤ የሴት ለቅሶ፣ የበር ሲጥሲጥታ፣ ከዚያ ጸጥታ፣ ከዚያ ጩኸት። ዘጠኝ ዓመት የሚሆነው ትንሹ ልጅ ዘሎ ተነሥቶ አያቱ ነጠላ ውስጥ ገባ። ፊልሙ የቱርክ ነው፤ ስለ ጂን።

አባትየው ከመደቡ ሳይነሣ «ዝጋው! ውሸት ነው!» አለ።

ልጁም ነጠላው ውስጥ እንዳለ «አባ፣ ጂን ውሸት ነው እንዴ?» ሲል ጠየቀ።

ቤቱ ዝም አለ። አባት ሲኒውን አነሣና መልሶ አስቀመጠው። ምን ይበል? ውሸት ነው ቢል ቁርአን የተናገረውን ማስተባበል ሊሆንበት ነው። እውነት ነው ቢል ደግሞ ልጁ እንቅልፍ የለውም። ስለዚህ ምንም ሳይል ቀረ። ንጋት ላይ ለፈጅር ሲቀሰቀስ ልጁ ለውዱእ ብቻዬን ወደ ጓሮ አልወጣም አለ። እስከዚያ ቀን ድረስ ግን ብቻውን ይወጣ ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ነገር በአሊዩ አምባ ብቻ የሚታይ አይደለም። ስልክ በገባበት ቤት ሁሉ አለ። እኛ ወላጆችም ሁለት መልስ ብቻ ይዘን ተቀምጠናል። አንደኛው «ውሸት ነው፣ ፊልም ብቻ ነው» የሚለው ነው። ሁለተኛው «ሐራም ነው ዝጋው» የሚለው ነው። የሑክሙን ጉዳይ ለዑለሞች እተወዋለሁ። እኔ የምለው ሁለቱም መልሶች ልጁ የጠየቀውን ጥያቄ አልመለሱም ነው። አስፈሪ ፊልምን የምቃወመውም ስላስፈራ አይደለም። ማስፈራት ብቻውን ነውር ቢሆን ኖሮ ስለ ቂያማ የሚናገሩትን አንቀጾች ምን ልንላቸው ነው? የምቃወመው ፍርሃትን ከእኛው እምነት ወስዶ መጠጊያውን ጥሎ ስለሚሸጥልን ነው። ከዚያ በላይ የምቃወመው ደግሞ መጠጊያውን በእጃችን ይዘን ለልጆቻችን ያልነገርናቸውን እኛን ነው።

የሚያስፈራው ምኑ ነው?

ስልኩን ከያዙት ልጆች ትልቁ ደብረ ብርሃን የሚማር የአሥራ ሰባት ዓመት ወጣት ነው። «ለመሆኑ ምኑ ነው የሚያስፈራችሁ?» ብዬ ጠየቅሁት። «መጀመሪያው ያስፈራል» አለኝ። «ማንም ሳይታይ በሩ ብቻ ሲከፈት። በኋላ ጂኑን ሲያሳዩት ግን ፊልሙ ተበላሸ። ጭምብል መሆኑ ያስታውቃል።»

ልጁ የፊልም ትምህርት አልተማረም። ነገር ግን የሙያውን ምሥጢር በአንድ አፍ ተናገረው። አስፈሪ ፊልም የሚያስፈራው በሚያሳየው አይደለም፤ በሚደብቀው ነው። የሚያሳፍረውም የደበቀውን አውጥቶ ያሳየ ጊዜ ነው።

ባለሙያዎቹም ይህን ያውቁታል። አሜሪካዊው ስቲቨን ስፒልበርግ እ.ኤ.አ በ1975 ስለ ሰው በላ ሻርክ የሚተርክ «ጆውስ» የተባለ ፊልም አውጥቷል። ለፊልሙ የተሠራው የማሽን ሻርክ የባሕር ውኃ ሲነካው እየተበላሸ አስቸገረ። ዳይሬክተሩም ሳይወድ በግዱ ሻርኩን ደበቀው። በምትኩ የውኃውን ገጽ፣ የሚጎተተውን በርሜልና የሚመላለሱ ሁለት የሙዚቃ ድምፆችን አኖረ። ፊልሙ ከግማሽ በላይ እስኪሄድ ድረስ አውሬው በቅጡ አይታይም። ያ የማሽን ብልሽት ለፊልሙ ታላቅ ሲሳይ ሆነለት። እ.ኤ.አ በ2007 ለሕዝብ የቀረበው «ፓራኖርማል አክቲቪቲ» ደግሞ በ15,000 ዶላር ገደማ በአንድ መኖሪያ ቤት ውስጥ የተሠራ ነው። በውስጡ ደጋግሞ የሚታየው በሌሊት የተኙ ሁለት ሰዎችና በራሱ የሚንቀሳቀስ በር ነው። ያስገባው ገንዘብ ግን ከ100 ሚሊዮን ዶላር ይበልጣል። በሩ ገንዘብ የሠራው ከኋላው ያለውን ስላላየን ነው።

የማይረባው ፊልም በሌላ መንገድ ይሄዳል። ድንገት ያጮኻል፤ ፊት ይደቅናል፤ ደም ያፈሳል። ተመልካቹ ዘሎ ይነሣል፤ ወዲያው ይስቃል። ይህ መደንገጥ እንጂ መፍራት አይደለም። የድስት ክዳን ከመደርደሪያ ሲወድቅም ሰው ይደነግጣል፤ ድስትን የሚፈራ ግን የለም። ፍርሃት ማለት መብራቱ ከበራ በኋላም አብሮ የሚያድረው ነው።

የእኛው አገር ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። ሲኒማ ወደ ኢትዮጵያ በገባበት ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ፊልም ይታይበት የነበረውን ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። ቤቱ በዛሬው ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ ያለው ነው፤ ስሙም እስከ ዛሬ አልጠፋም። ሕዝቡን ያስፈራው የፊልሙ ታሪክ አልነበረም። ጨርቅ ላይ ሰው ሲራመድ፣ ፈረስ ሲጋልብ አየ፤ ከኋላው ያለውን መኪና ግን አላየም። ያላየውን ነገር የሰይጣን ነው አለ። የመኪናውን አሠራር ባወቀ ጊዜ ግን ፍርሃቱ ለቀቀው። ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ገንዘብ ከፍለው በየሲኒማ ቤቱ በር ተሰለፉ። የዛሬው ተማሪ «ጭምብል መሆኑ ያስታውቃል» ያለውም ይህንኑ ነው። በሰው እጅ የተሠራ ጋይብ አሠራሩ እስኪታወቅ ድረስ ብቻ ያስፈራል።

የተበደሩት ስም

እንግዲህ ሁለተኛው ነገር ይመጣል። መደበቅ ብቻውን አይበቃም። የተደበቀው ነገር ተመልካቹ በልቡ የሚያምንበት መሆን አለበት። በዊሊያም ፍሪድኪን ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ በ1973 የወጣው «ዘ ኤግዞርሲስት» ሸይጧን ስለያዛት ልጅ የሚተርክ ነው። በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ከተመልካቾች መካከል ራሳቸውን የሳቱ እንደነበሩ ተዘግቧል። ያ ሕዝብ ያደገው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነውና ፊልሙ የነካው የኖረ ፍርሃቱን ነው። የአሊዩ አምባ ልጆች ግን የፈረንጅን ደም መጣጭ ሙት ሲያዩ ይስቃሉ። አያታቸው ስለ እሱ ነግራቸው አታውቅም፤ ስለ ጂን ግን ነግራቸዋለች።

የቱርክ ፊልም ሠሪዎች ይህን ተረድተዋል። ሐሰን ካራጃዳግ የተባለው ዳይሬክተር እ.ኤ.አ በ2006 ያወጣው ፊልም «ዳቤ» ይባላል። ቃሉ በሱረቱ አን-ነምል (27፡82) በመጨረሻው ዘመን ከምድር ትወጣለች የተባለችው «ዳባ» ነው። እ.ኤ.አ በ2008 ያወጣው ደግሞ «ሰሙም» ይባላል። ይህም በሱረቱል ሒጅር (15፡27) ጂን ከምን እንደተፈጠረ ሲነገር የመጣ ቃል ነው። እ.ኤ.አ በ2014 አልፐር መስትቺ ያወጣው ፊልም ስሙ «ሲጂን» ነው። ይህ ቃል ከየት እንደመጣ ቁርአን የቀራ ሁሉ ያውቃል።

ልብ በሉ! ልጃችንን ያስፈራው የዳይሬክተሩ ችሎታ ብቻ አይደለም። የንግዱ ዋና ገንዘብ የእኛ ኢማን ነው። ልጁ ጂን መኖሩን ባያምን ኖሮ ያ ሁሉ ጩኸት የድስት ክዳን ይሆን ነበር። «ፊልም ብቻ ነው» የሚለው አባት የተሳተው እዚህ ላይ ነው። ጭምብሉ ፊልም ነው፤ ስሙ ግን የቁርአን ነው። ልጁ ሁለቱን መለየት አይችልም። «ውሸት ነው» ብለን ጭምብሉን ስንጥል ስሙንም አብረን እንዳንጥልበት እፈራለሁ።

ሲጂን በገበያ ውስጥ

ከእነዚህ ሁሉ ያሳዘነኝ የ«ሲጂን» ነገር ነው። ፊልሙ ስለ ድግምት ነው። ቃሉ በቁርአን ያለበትን ቦታ ግን ተመልከቱ። ሱራው አል-ሙጠፊፊን (83) ነው። የሚጀምረው በጂን ወይም በድግምት አይደለም፤ በሚዛን ነው። ከሰው ሲቀበሉ ሞልተው የሚያስሰፍሩ፣ ለሰው ሲሰጡ ግን የሚያጎድሉ ሰዎች ወዮታ ይነገራቸዋል። እነዚህ ሰዎች ለታላቁ ቀን እንደሚቀሰቀሱ አይጠረጥሩምን? ተብሎ ይጠየቃል። ከዚያ በኋላ ነው የአመጸኞች መዝገብ በሲጂን ውስጥ መሆኑ የሚነገረው፤ እሱም የተጻፈ መዝገብ ነው።

አሊዩ አምባ ደግሞ ምን ዓይነት አገር ናት? የነጋዴ አገር ናት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ ጠረፍ በአሳል የጨው ምድር አቋርጦ፣ የአፋርን በረሃ ዘልቆ የሚመጣው ቅፍለት ወደ ሸዋ የሚገባው በዚህች ከተማ በኩል ነበር። አርጎባው፣ አፋሩ፣ ሐረሪው የሚገናኝባት ነበረች። እ.ኤ.አ በ1842 ወደ ሸዋ የመጣው እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን እዚችው ከተማ ተቀምጦ ስለ ሰዎቿና ስለ ገበያዋ ጽፏል። ጨው፣ ቡናና ጨርቅ ሲለካና ሲሰፈር የኖረባት ከተማ ናት።

በዚያ ዘመን አንድ ነጋዴ ቀኑን ሲሰፍር ውሎ ማታ ኢማሙ ይህን ሱራ ሲቀራ ቢሰማ ምን ይሰማው ነበር? ጣቱ ሚዛኑን ነክታ እንደሆነ ያስታውሳል። የሰፈረለት ድሃ ፊት ትዝ ይለዋል። ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል። ሲነጋ ሄዶ የጎደለውን ይሞላል። ይህ ነው እውነተኛው ፍርሃት! ጭምብል የለበትም፤ አይጮህም፤ ምንም አይታይበትም። የሚታየው የሰውየው የገዛ እጁ ብቻ ነው።

የፊልሙ «ሲጂን» ግን ሚዛኑን ጥሎ ስሙን ወሰደ። ተመልካቹን የሚያስፈራው በሌላ ሴት ድግምት፣ በሌላ ሰው ቤት፣ በሌላ ሰው ኃጢአት ነው። ፊልሙ ሲያልቅ ነጋዴው ሚዛኑን አይመረምርም፤ ተማሪውም የቀዳውን ፈተና አያስታውስም። የሚቀረው ነገር ቢኖር ትንሹ ልጅ ጓሮ አለመውጣቱ ነው። መፍራት የሚገባው ሳይፈራ ውዱእ ሊያደርግ የሚገባው ፈራ። አስፈሪ ፊልም ከነዝናው የማይረባ የሚሆነው ለእኔ እዚህ ላይ ነው። በሩን አስፈራን፤ ሚዛኑን ግን አላስፈራንም።

የተዘጋ በር

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ እንመለስ። ጂን ውሸት አይደለም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል አዕራፍ (7፡27) ሸይጧንና ወገኖቹ እኛ ከማናያቸው ቦታ ሆነው እንደሚያዩን ነግሮናል። ፊልም ሠሪዎቹ የደረሱበት «የማይታየው ያስፈራል» የሚለው ነገር በቁርአን ውስጥ ያለ ነው። ልዩነቱ ቁርአን እዚያ ላይ አያቆምም። በሱረቱ አን-ኒሳእ (4፡76) የሸይጧን ተንኮል ደካማ መሆኑን ይነግረናል። በሱረቱ ኣሊ ዒምራን (3፡175) ሸይጧን ወዳጆቹን እንድንፈራ ለማድረግ እንደሚጥርና ልንፈራ የሚገባን አላህን ብቻ መሆኑን ያስተምረናል። በሱረቱል ጂን (72፡6) ደግሞ ከሰዎች አንዳንዶቹ በጂን ይጠበቁ እንደነበርና ይህም ጥፋትን እንጂ ሌላ እንዳልጨመረላቸው ይገልጻል። ፍርሃት ያለ ቦታው ሲቀመጥ የሚፈራውን ያዋርዳል፤ የሚፈራለትን ያኮራል።

ሐዲሱንስ ተመልከቱ። ጃቢር (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲመሽ ልጆቻችንን ቤት እንድናስገባ አዘዋል፤ በዚያ ሰዓት ሸይጧኖች ይሠማራሉና። ጥቂት ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን ልቀቋቸው አሉ። የአላህን ስም ጠርታችሁ በሩን ዝጉ፤ ሸይጧን የተዘጋ በር አይከፍትም አሉ። ሱብሃነላህ! የፊልሙ ፍርሃት ሁሉ የተሠራው በራሱ በሚከፈት በር ላይ ነው። የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ትምህርት ደግሞ ይኸንኑ በር ዘግቶታል። አደጋው አልተካደም፤ ልክ ግን ተሰጠው። ልጁ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፤ ምን ብሎ እንደሚያደርግም ያውቃል።

አነስ (ረ.ዐ) የተረኩት ሌላም አለ። አንድ ሌሊት የመዲና ሰዎች አንድ ድምፅ ሰምተው ደነገጡ። ድምፁ ወዳለበት ሲወጡ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከፊታቸው ሲመለሱ አገኟቸው። በአቡ ጦልሐ ፈረስ ላይ ያለ ኮርቻ፣ ሰይፋቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ብቻቸውን ቀድመው ሄደው አይተው ነበር። አትፍሩ ብለው ሕዝቡን አረጋጉ። በጨለማ የተሰማ ድምፅ የአስፈሪ ፊልም ሁሉ መነሻ ነው። በነብዩ ሱና ግን ለሕዝብ ኃላፊ የሆነ ሰው ወደ ድምፁ ይሄዳል፤ አይቶም ይመለሳል። አባት ከመደቡ ሳይነሣ «ውሸት ነው» ሲል ይህን ሱና ማስታወስ ነበረበት። ተነሥቶ የልጁን እጅ ይዞ ወደ ጓሮ መውጣት ነበረበት።

ከእኛው ወገን

ነቀፋውን በቱርክና በአሜሪካ ብቻ ላይ መጣል ፍትሕ አይደለም። ከእኛው ወገን በፍርሃት የሚነግዱ አሉ። በስልክ የሚዞሩትን የሩቅያ ቪዲዮዎች ያላያችሁ አላችሁን? አንዲት የታመመች እህት መሬት ላይ ስትንፈራገጥ፣ ፊቷ ሳይሸፈን፣ ካሜራው ተጠግቶ ይቀርጻታል። ሩቅያ በሸሪዓ የታወቀ ነገር ነው፤ እኔ የምቃወመው ካሜራውን ነው። የሙስሊም ዐውራና ገመና ለተመልካች ብዛት ይሸጣል። ተመልካቹም ቁርአኑን ሳይሆን ጩኸቱን ሊሰማ ይቀመጣል። ፊልም ሠሪው ቢያንስ ተዋናይ ቀጥሯል፤ ይኸኛው ግን የሰው ልጅን ሕመም ነው ያሳየን።

በየቤታችንም «ዝም በል፣ ጂን ይመጣብሃል» እያልን ልጅ የምናስተኛ ጥቂት አይደለንም። አቡ ዳውድ እንደዘገቡት ሶሐቦች በጉዞ ላይ ሳሉ አንደኛው ተኛ። ሌሎቹ ገመዱን ወሰዱበት፤ ሲነቃ ደነገጠ። ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሙስሊም ሙስሊምን ሊያስደነግጥ አይፈቀድለትም አሉ። ለአንድ ገመድ፣ ለአዋቂ ሰው፣ ለቀልድ! ታዲያ ለሕፃን ምን ይባል?

«አስፈሪ ፊልም ልብን ያጠነክራል፤ ሰው በሰላም ተቀምጦ ፍርሃትን ይለማመድበታል» የሚሉ አሉ። በዚህ ውስጥ እውነት አለበት። አዋቂ ሰው ወንበሩ ላይ መሆኑን ያውቃል፤ ፊልሙን ዘግቶም ይተኛል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ግን ፊልሙ የት እንደሚያልቅና ጓሮው የት እንደሚጀምር አያውቅም። «የእናንተ ዳዕዋስ ስለ ቀብር ቅጣት እያወራ አያስፈራም ወይ?» የሚሉም አሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ዑለሞቻችን ፍርሃትንና ተስፋን ለወፍ ሁለት ክንፎች መስለዋቸዋል፤ በአንዱ ብቻ አይበረርም። የአላህን እዝነት ሳይነግር የጀሀነምን እሳት ብቻ እያነደደ ሕዝቡን አስለቅሶ የሚሄድ ተናጋሪ ካለ እሱም ከፊልም ሠሪው አይሻልም።

ስለዚህ ስልኩን ከመንጠቃችን በፊት አጠገባቸው እንቀመጥ። ምን እንዳስፈራቸው እንጠይቃቸው። ጭምብሉን ጭምብል እንበለው፤ የቁርአኑን ቃል ደግሞ ከነቦታው እናስተምራቸው። አየተል ኩርሲን፣ አል-ፈለቅንና አን-ናስን በቃላቸው ያጠኑ ልጆች ብዙ ናቸው። ትርጉሙን ግን የነገርናቸው ስንት ነን? ልጁ መጠጊያውን በአፉ ይዞ መጠጊያ መሆኑን ሳያውቅ እየተንቀጠቀጠ ያድራል።

በዚያ ቤት ሁለት ሌሊት ነበር ያደርኩት። በሁለተኛው ምሽት አያትየዋ ልጁን ጠርታ በሩን ራሱ እንዲዘጋ አደረገችው። «ቢስሚላህ በል» አለችው። አለ፤ መወርወሪያውንም አስገባ። «አሁን ማን ይከፍተዋል?» አለችው። «ማንም» አለ። ቢሆንም ሁለት ጊዜ ተመልሶ በእጁ ነካካው። አያቱ አልሳቀችበትም። ንጋት ላይ አባቱ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ከፊት ወጣ፤ ልጁም ተከተለው።

አላህ ልጆቻችንን ከሚታየውም ከማይታየውም ክፉ ይጠብቅልን። ሚዛናችንን የምንፈራ፣ ከእሱ በቀር ሌላን የማንፈራ ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።